ባዶ የተባለው መስክ

ኅዳር 3 ቀን 1931 ዓ.ም. ጧት

ሻሽ ዛሬም አልታለብ አለች። ረገጠችኝ፤ ግማሹ ወተት ሣር ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ይዤ ወደ ለገሃር። የጣቢያው ቡና ቤት ባለቤት ዘገየሽ ብሎ ፊቱን አጠቆረብኝ። ስመለስ ቤት መግባት አቃተኝ። በመስኩ ዳር ዳር ዞርኩ። ለምን እንደዞርኩ እንጃ።

ችካል አየሁ። አናቱ ቀይ ቀለም የተቀባ። አንዱ ወንዙ ዳር፣ አንዱ ጽዱ ሥር፣ ሌላው ጥጆቹ የሚታሰሩበት ቦታ ላይ። ከብቶቹ አንዳንዱን ገፍተው ጥለውታል።

ቱፋን ጠራሁት። (ቱፋ የከብቶቻችን ጠባቂ ነው፤ ከአባቱ ጀምሮ እዚሁ መስኩ ላይ የሚኖር ጭሰኛችን።) ማን ተከለው አልኩት። ትናንት ጣልያኖች መጥተው ነበር አለ። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? የወደቀውን ችካል በእግሩ ገፋ አድርጎ ወደ በረቱ ሄደ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ምሳ ቀርቦ አልበላሁም። ተቀመጪ ትለኛለች፤ እቀመጣለሁ፤ እነሳለሁ።


ኅዳር 4 ቀን

ነገርኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ራሷ ሄዳ አየች። አንዱን ችካል ልትነቅል ጎተተች፤ አልነቀል አላት። እጇን አራግፋ ተመለሰች። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ታሪክ።

ለአንቺ ጽፌልሽ አላውቅም መሰለኝ፣ ደብተሬ። እማዬ ስትተርከው እንዲህ ነው፦ ከተማው ሲቆረቆር አያቴ በዘመቻ ላገለገሉበት ይህ መስክ ተሰጣቸው። ባዶ መሬት ነበር፤ ሣርና ጅብ ብቻ። አያቴ በረት ሠሩ፣ ከብት አስገቡ። ሲሞቱ አባቴና አጎቴ ተካፈሉት። አጎቴ የላይኛውን ለአንድ አርመን ሸጠ፤ አርመኑ ባሕር ዛፍ ተከለበት። የታችኛው የአባቴ ሆኖ ቆየ። አባቴ ሲሞት ለእኔና ለወንድሜ ለጌታሁን።

ይህ ሲተረክ ቱፋ አጠገብ ካለ ሁልጊዜ የሚሠራው ሥራ ያገኛል። ገመድ ይፈታል፣ ድርቆሽ ይቆልላል። ዛሬም ባዶ መሬት ነበር ስትል ባልዲውን አንሥቶ ወጣ። ወንዝ የወረደ መስሎኝ ነበር። ባልዲው ግን በረቱ ደጃፍ ተጥሏል።


ኅዳር 7 ቀን

መጡ። መሬት ለኪው ጣልያን፣ ሦስት እግር ካለው መነጽሩ ጋር፤ አስተርጓሚው፤ ሁለት ወታደሮች። ለኪው ወጣት ነው፤ አፍንጫውን ፀሐይ ልጦታል። ጥጃ ሲልሰው ሳቀ። ሰው መሆኑ አናደደኝ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። እንግዳ ሲመጣ እንደምታደርገው ወንበር አላስወጣችም። አስተርጓሚው እንዳለው፣ እዚህ ቦታ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራል፤ ግቢና አትክልት ያለው፤ ሚስቶቻቸው ከአገራቸው ይመጣሉ። ባለመሬቶች መ/ቤት ቀርበው ይመዝገቡ፤ ላስመዘገበ ምትክ ይታሰብለታል።

እማዬ ይህ መሬት ባለቤት አለው በለው አለችው። አስተርጓሚው ነገረው። ለኪው ራሱን ነቀነቀ፤ በትሕትና። ከዚያ ዝቅ ብሎ በመነጽሩ ማየቱን ቀጠለ።


ኅዳር 12 ቀን። ሚካኤል

ጌ. መጣ። ወንድሜ መንገድ ሠሪዎቹ ጋ የሠራተኛ አለቃ ሆኗል፤ ጫማው አዲስ ነው። የእማዬን ጉልበት ሳመ። ሽሮ አቀረብኩለት፤ ዛሬ በዓል ነው ምነው ሥጋ የለም ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀም።

ነገሩ ይህ ነው። ሂዱና ተመዝገቡ ይላል። ቀድሞ የቀረበ ይጠቀማል። ለአገሬው ሰው በምዕራብ በኩል አዲስ ሰፈር እየተሠራ ነው፤ እዚያ ቤት ላስወጣላችሁ እችላለሁ። ከብቱስ? አልኩት። ከብት አይገባም። ይሸጣል።

እማዬ ከዚህ ቤት በሰው ትከሻ ካልሆነ አልወጣም አለች። ጌ. ቁጣው መጣ። እናንተ ዘመኑ አልገባችሁም አለ። እሷ ዘመን የሚገባው አንተ ከሆንክ ዘመኑ ይቅርብኝ አለች። ተነሥቶ ወጣ። በሩ ላይ ይዤው ቆምን። እናታችን ሜዳ ላይ ስትጣል ማየት አልፈልግም፣ ጽጌ፣ አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ባንዳ ብዬ ልሰድበው ተዘጋጅቼ ነበር። ዋጥኩት።


ኅዳር 15 ቀን። ቂርቆስ

ቤ/ክ ሄድኩ። ጾም ዛሬ ገባ። ከእንግዲህ እስከ ገና የአገሬው ሰው ወተት አይገዛም፤ የሚጠጣው ፈረንጅ ብቻ። የምጠላው ሰው በጾሜ ያኖረኛል።

ለደምሴ ሻማ አበራሁ። ባሌ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሦስተኛ ዓመቱ። ሞተ ያለኝ የለም፤ አየሁት ያለኝም የለም። ሰዎች ተዝካሩን አውጪ ይሉኛል። እንዴት? ሲመጣ ምን ልለው ነው? ይህን ስጽፍ እጄ ይቸኩላል። ነገሩ ይህ ነው፦ ቢመጣ የሚያውቀው ይህን መስክ ነው። ከጣቢያው ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ በረቱን አይቶ። ችካል በተከሉ ቁጥር የሚመጣበትን መንገድ የሚዘጉበት ይመስለኛል።

ስመለስ እማዬ ሐሳቧን ለውጣ ጠበቀችኝ። እንመዝገብ አለች። ልንሄድ አይደለም፤ የኛ መሆኑ ይጻፍ። ምስክር ያስፈልጋል። ሁለት ጎረቤቶች ተስማሙ። ቱፋንም ጠየቅኩት። እሺ አለ። ዓይኔን ሳያይ፤ ግን እሺ አለ።


ኅዳር 19 ቀን

ብዕሩ ወረቀቱን ይቧጥጣል።

በጧት ሄድን። እማዬ የዓመት በዓል ቀሚሷን ለብሳ። ጎረቤቶቹ መጡ። ቱፋ አልመጣም፤ ታሞ ይሆናል አልን። መ/ቤቱ ደጃፍ ሰው እንደ ቀብር ቀን ተሰልፏል። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ተጠራን።

አስተርጓሚው መስኩ የት እንደሆነ ሲሰማ መዝገቡን ገለጠ። ከጣልያኑ ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ እማዬን ሳይሆን እኔን አየኝ።

ይህ መሬት ተመዝግቧል አለኝ።

በማን ስም?

በቱፋ። ከትናንት በስቲያ፣ ከዘመዶቹ ሽማግሌዎች ጋር ቀርቦ። አዲሱ ሕግ ጭሰኝነትን ሽሯል አለ አስተርጓሚው፤ መሬት ለሠራበት ነው፤ የጥንቱ ባለቤት አያቱ እንደነበሩም መስክረውለታል።

እማዬ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በዚያ ቀሚሷ፣ አቧራ ላይ። ሰው ሁሉ እያየ። አላለቀሰችም። "ጨቅላ ሳለ አጥሚት ያጠጣሁት ልጅ" አለች ብቻ። እናቱ ስትሞት እሷ ነበረች ያሳደገችው።

አሁን ቤት ነን። እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። እኔ እዞራለሁ። ወጥቼ እገባለሁ። በረቱ አጠገብ ያለውን የቱፋን ጎጆ ጢስ አያለሁ። ሚስቱ ጫልቱ እራት እየሠራች ነው። በየትኛው ልባቸው ይበላሉ?


ኅዳር 20 ቀን

ሄድኩበት። ጥጃ ያስር ነበር።

"ሰረቅከን" አልኩት።

"አልሰረቅኩም። አስመለስኩ።"

"ከማን ነው የምታስመልሰው? እኛ ያበላንህን..."

"ከጽዱ ሥር ያሉት ድንጋዮች ምን ይመስሉሻል?" አለኝ።

አንቺ አለኝ! የጠባቂያችን ልጅ ሳለ ጀምሮ፣ በትከሻው ተሸክሞኝ ሲዞር እንኳ፣ እርስዎ ነበር የሚለኝ። እኔ አንተ፣ እሱ እርስዎ። ይህን ዛሬ ገና ልብ አልኩት።

ድንጋዮቹን አውቃቸዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ላያቸው ላይ እዘል ነበር። የኔ አያት የተቀበሩበት ነው አለ ቱፋ። ከአያትሽ በፊት ይህ በረት የእርሳቸው ነበር። አያትሽ ወታደር ይዘው መጡ። አያቴን ከፈለግህ ከብቴን እየጠበቅህ ተቀመጥ አሏቸው። ተቀመጡ። የት ይሂዱ? አባቴም ተቀመጠ። እኔም።

"መሬቱ ባዶ ነበር" አልኩት።

"ባዶ የምትሉት እኛን ነው" አለ።

ጮህኩበት። ምን እንዳልኩ አልጽፈውም። እሱም ጮኸ፤ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ጫልቱ መሀላችን ገብታ በኦሮምኛ ተቆጣችው፤ እኔንም በዓይኗ ተቆጣችኝ። ከብቶቹ በርግገው ጥግ ያዙ።

ከዚያ ምን አደረግሁ መሰለሽ? አለብኩ። የማለቢያው ሰዓት ደርሶ ነበር። እኔ ባንድ በኩል፣ ጫልቱ በሌላ በኩል።


ኅዳር 24 ቀን

ውርጭ። የሣሩ ጫፍ ነጭ ሆኖ አደረ። ወተቱ አነሰ።

ከብቱን ይዘን መሄድ እንኳ አንችልም። ከብቱ የርቢ ነው፤ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ላሟ የኛ፣ ከሚወለደው እኩሌታው የጠባቂው። ሻሽ የኔ ናት፤ እናቷ ግን የማን እንደነበረች ተረስቷል። በሬው ጉራቻ የሱ ነው፤ በሻሽ ግት ነው ያደገው። ማን ይለየው?

እማዬ የቱፋን ስም አትጠራም። "ያ ሰውዬ" ትለዋለች። ግን ዛሬ ጧት ያ ሰውዬ ያስላል፣ በረቱ ብርድ ነው አለች። ወዲያው ተናደደች፤ በኔ ላይ።

የታችኛውን ወንዝ ዳር መቆፈር ጀመሩ። ካሚዮኖች ድንጋይ ያራግፋሉ። ሠራተኞቹ ሰፈሩን ከወዲሁ ካዛንቺስ ይሉታል። ገና ግድግዳ ሳይቆም ስም ወጣለት። የኛ ስም መስኩ ብቻ ነበር።


ኅዳር 28 ቀን

ጌ. በጧት መጣ። ሰምቷል። ቁጣው ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ያ ነው ያስፈራኝ። መላ አለኝ አለ። ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

አንድ ቃል ይበቃል አለ። ቱፋ ለሽፍቶች ከብት ይነዳል ብዬ ከጣልያን ፖሊሶቹ ከካራቢኔሪዎቹ ጆሮ ባደርስ ነገ ይወሰዳል። መዝገቡም ይሰረዛል። መሬቱ ወደኛ ይመለሳል፤ ምትኩንም እኛ እናገኛለን።

የሚወሰዱ ሰዎች ምን እንደሚሆኑ ያውቃል። ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ነገር አያውቅም ነበር። ይህን ልጽፍብሽ አይገባም፤ ካገኙሽ አለቀልን። ግን ለማን ልንገር? በክረምቱ አንድ ወይፈን ጠፋ ብለን ነበር። አልጠፋም። ቱፋ ነው ጫካ ላሉት አርበኞች የነዳው። ንዳ ያለችው ደግሞ እማዬ ናት። ስንቁን የቋጠርኩት እኔ።

ነገርኩት።

"እንግዲህ ሂድና ተናገር" አልኩት። "መጀመሪያ ግን እናትህን ስቀል። ከዚያ እኔን። ከዚያ ቱፋን።"

ፊቱ አመድ ሆነ። የጓሮውን ግንብ ተደግፎ ቆመ። እኔ አላውቅም ነበር፣ እኔ ለናንተ ብዬ ነው አለ። አውቃለሁ አልኩት። ውሸቴን አልነበረም። ከዚያ የቱፋን ስም ለማንም ላታነሣ ማልልኝ አልኩት። ማለ። እማዬን ሳይሰናበት ሄደ።

መሐላው ይጸናል? አላውቅም። ውሻ በጮኸ ቁጥር እስከ በሩ ወጥቼ አያለሁ።


ታኅሣሥ 2 ቀን

ማንም አልመጣም። ተመስገን።

አንቺን ድርቆሹ ውስጥ ደብቄሽ ነበር። ጥጃ ዳርሽን አኝኮሻል።


ታኅሣሥ 6 ቀን

መጡ። ግን ለሌላ ነገር።

ካሚዮን ሙሉ ሠራተኛ፣ አንድ ሹም፣ ያው አስተርጓሚ። ቀጥ ብለው የሄዱት ወደ ቱፋ ጎጆ ነው። ባለመሬት ማነው አሉ። እኔ ነኝ አለ ቱፋ፤ ደረቱን ነፍቶ። ወረቀቱን አወጣ፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይይዘዋል። ሹሙ አነበበ። አዎ፣ ትክክል ነው አለ። ባለመሬቱ አንተ ነህ። እንግዲያው ማስጠንቀቂያው ላንተ ነው። እስከ ገና ትለቃለህ። ጎጆዎቹ ግን መንገዱ የሚያልፍበት ስለሆኑ ዛሬ ይፈርሳሉ።

ቱፋ አልገባውም። ደግሞ አሳየው። ስሜ አለበት እኮ አለ።

አስተርጓሚው ቀስ ብሎ አስረዳው። ስምህ ስላለበት ነው የነገርንህ። ምትክ ከከተማው ወዲያ ይሰጥሃል፤ የትና መቼ እንደሆነ ወደፊት ይነገራል።

እውነቱን ልንገርሽ? ደስ አለኝ። ደረቴ ሞቀ። እሰይ አልኩ፣ በሆዴ። ከዚያ የጎጆውን ክዳን ገፈፉት፤ ጫልቱ የመካከሉን ምሰሶ አቅፋ አልለቅም አለች። ሁለት ሰው ጣቶቿን አላቀቀ። ቁና፣ የወተት ጮጮዋ፣ ቆዳው፣ አንድ ሣጥን፤ ሁሉም ሜዳ ላይ። ይህ ሁሉ ሰው የኖረበት ቤት ውስጡ ይህ ብቻ ነበር? ደስታዬ የት እንደገባ አላውቅም። ፈለግሁት፤ የለም።

እማዬ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። "ምን ትገተሪያለሽ?" አለችኝ። "ዕቃውን አስገቢ!"

ወደ ቤታችን አስገባን። ጫልቱ መጣች። ቱፋ አልገባም አለ። በረቱ ገና አልፈረሰም፤ ከከብቱ ጋር ይሆናል።


ታኅሣሥ 9 ቀን

ጫልቱ እንቅልፍ የላትም፤ እኔም። ሁለት እረፍት የለሽ ሴቶች ባንድ ቤት። እሷ ስትጠርግ እኔ ቀድሜ ጠርጌዋለሁ። ዛሬ አንዳችን ሌላችንን መጥረጊያ ይዘን አየንና ሳቅ አመለጠን። መጀመሪያ እሷ።

ቱፋን ሁለት ጊዜ በጌ. ስም ይቅርታ ልጠይቀው አልኩ፤ ያሰበውን የሚያውቅ ይመስላል። ብቻ ወንድምሽ ደኅና ነው ወይ አለኝ። ደኅና ነው አልኩት።

ቱፋ በሦስት ቀን አርጅቷል። ወረቀቱን ግን አልጣለውም።


ታኅሣሥ 13 ቀን

ቁፋሮው ወደ ጽዱ ቀረበ። ነገ ዛፉን ይቆርጡታል ተባለ።

ቱፋ ዛሬ ጧት ደጃችን መጥቶ ቆመ። መሬቱን ካስመዘገበ ወዲህ እማዬን ፊት ለፊት ሲያያት የመጀመሪያው ነው። አንገቱን ደፋ። እሜቴ፣ አያቴን ላወጣ ነው፣ አለ። ሌላ አልጨመረም። ይቅርታም አልጠየቀ። እሷም አልጠየቀችው።

እማዬ ወደ ጓዳ ገባች። ሣጥኗ ሲከፈት ሰማሁ። አቡጀዲ ይዛ ወጣች፤ ለመገነዣዋ ብላ የገዛችውን፣ ስንት ዓመት ያስቀመጠችውን። እንዳልነካ ስታስጠነቅቀኝ የኖረችውን። ሰጠችው።

"የርስዎ አይደለም ወይ?" አላት።

"እኔ ገና ነኝ" አለች። "እሳቸው ቀድመዋል።"

ድንጋዮቹን አነሣን፤ ቱፋ፣ ጫልቱ፣ እኔ። ሁለት ዘመዶቹ መጡ። ሠራተኞቹ አይተው አካፋቸውን አስቀመጡ፤ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ለስላሳ። ብዙ አልቀረም ነበር። ያለውን አቡጀዲው ውስጥ አደረግነው። አንድ የናስ አምባርም ነበር። ቱፋ አምባሩን ይዞ ቁጭ አለ፤ እንደ ሕፃን እያገላበጠ አየው።

እኔ የቆምኩት አያቴ ባዶ ያሉት መሬት ላይ ነው። ጉልበቴ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ። እማዬ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ታያለች። ቤት ስንገባ ታሪኩን አልተረከችም። ከእንግዲህም የምትተርከው አይመስለኝም።


ታኅሣሥ 19 ቀን። ገብርኤል

ጌ. መጣ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አሁን ገና። ቀጥ ብሎ ወደ ቱፋ ሄደ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ቆመው አወሩ። ከዚያ ጌ. ኮቱን አውልቆ ድርቆሽ መጫን አገዘው። በአዲስ ጫማው።

ነገሩ እየተቆረጠ ነው። ጌ. አዲሱ ሰፈር ሁለት ክፍል አግኝቷል። እማዬ ከሱ ጋር ትኖራለች። በሰው ትከሻ ነው የምወጣው ብለሽ አልነበረም ወይ አልኳት። ልጄ ትከሻ አለው አለች። ኰራ ብላ። ቤተክርስቲያን ቅርብ መሆኑን ብቻ ሦስት ጊዜ ጠየቀችው።

ቱፋ ከብቱን ወደ በቾ ይነዳል። የአጎቱ ልጅ እዚያ ሰፊ ግጦሽ አለው፤ እንደ ርቢ ያስጠጋዋል። ከመሄዴ በፊት ከብቱን እንካፈል አለኝ። ያንቺን ሽጪው፣ ከወንድምሽ ጋር ኑሪ።

ትክክል ነው። ሁሉም ትክክል ነው ይላል። እኔ ግን ከጧት ጀምሮ በረቱን እዞራለሁ።


ታኅሣሥ 22 ቀን

ዛሬ ለመካፈል ወጣን። እኔ አንዷን እጠራለሁ፣ እሱ አንዱን። ሻሽን ወደኔ አቆምኳት፤ ጥጃዋ በድርሻው የሱ ነው፤ ጥጃው ተንደርድሮ መጣ። መለሰው። ተመልሶ መጣ። ሻሽ ጮኸች። ጉራቻም ወደዚህ፣ አሮጌዋ ዳለቻ ወደዚያ። እንደገና ተቀላቀሉ። ቱፋ በትሩን ይዞ ቆመ፤ ላብ አጥምቆታል። እኔም።

ነገ እንሞክራለን አለ።


ታኅሣሥ 23 ቀን

ከቂርቆስ መምጣቴ ነው። መርጌታን አነጋገርኩ፤ ያጋቡን እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ደምሴ ቢመጣና ቢጠይቅዎ አልኳቸው፤ በቾ ነው የሄደችው በሉት። ከቱፋ ዘመዶች ዘንድ።

መርጌታ ተገረሙ። አንቺ ልጅ፣ ጭሰኛሽ ዘንድ ጭሰኛ ልትሆኚ ነው አሉኝ። መሳደባቸው አይደለም፤ አዝነው ነው። ምን ልበላቸው? ወተት ማለብ አውቃለሁ። በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ግድግዳ ማየት አላውቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ባሌን የምጠብቀው ቦታ ላይ ነው ብዬ አምን ነበር። ቦታው ሄደ። መጠበቁ ግን አልሄደም። ይዤው ልሄድ እችላለሁ ማለት ነው።

ይህን እያሰብኩ ለገሃርን ሳልፍ ባቡሩ መጣ። እንደ ልማዴ የሚወርደውን ሰው ለማየት አልቆምኩም። ትንሽ ነበር የቀረኝ። አልቆምኩም።

እስካሁን የነገርኩት ለመርጌታ ብቻ ነው። ለእማዬ ገና።


ታኅሣሥ 24 ቀን

ለእማዬ ነገርኳት። እጇ ላይ የያዘችውን እንዝርት አስቀመጠች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ባላገር ልትሆኚ ነው አለች። አዎ አልኳት። በሰው መሬት ላይ። አዎ። በማን ፈቃድ እንደምትኖሪ ታውቂያለሽ? በቱፋ አጎት ልጅ ፈቃድ፣ አልኳት።

እንዝርቱን መልሳ አነሣች። ከዚያ "ቱፋ ሲያስል ማር በሎሚ ነው የሚሻለው፤ ለጫልቱ ንገሪያት" አለችኝ። አለቀሰች። ከምዝገባው ቀን ጀምሮ ያላለቀሰችውን ሁሉ።

አቅፌያት ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተነሣሁም።


ታኅሣሥ 25 ቀን። ጧት

ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ወረቀቱን ሻሽ ጀርባ ላይ አድርጌ። ፊደሌ ተንጋደደ፤ ትተነፍሳለች። ጌ. እማዬን ወስዷል። ሠራተኞቹ የበረቱን አጥር ከወዲያ ጫፍ መንቀል ጀምረዋል፤ ለኪው ከሩቅ እጁን አነሣልኝ፤ አላነሣሁለትም።

ቱፋ እንግዲህ እንካፈል ብሎ መጣ። አይሆንም አልኩት። አንካፈልም። ከብቱ ባንድ ላይ ይሄዳል፤ እኔም ከከብቱ ጋር። መሬቱ የዘመዳችሁ ነው፤ የጥበቃውን ድርሻ እናንተ እንደምትቆርጡት እቀበላለሁ። እስኪበቃው አየኝ። ብርዱን አትችዪውም አለ። እችለዋለሁ አልኩት። ጫልቱ ከኋላው ሆና ጭነቱን ማሰር ጀምራለች፤ የኔንም ቋጠሮ ከራሷ ጋር።

ጉራቻ በሩን አልፏል፤ ሌሎቹ እየተከተሉት ነው። ሻሽም መራመድ ጀመረች፣ ወረቀቱ ይንሸራተታል፣ በአምላክ ትንሽ ቁሚ